አሮጌ የሃስኬል ፕሮጀክት በአዲስ ኮምፓይለር አልነሳ ሲል

ጥያቄ፦ በ2021 በሃስኬል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮጀክት ተረከብኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ኮምፓይለር፣ ማለትም ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው፣ ጂኤችሲ 9.6 ነው። ፕሮጀክቱን በሚገነባው መሣሪያ፣ በካባል፣ «ካባል ቢልድ» ስል ዲፔንደንሲዎቹን (ፕሮጀክቱ የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች) መፍታት አልቻልኩም ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ ይዘረግፍብኛል። ቤዝ የሚባለውን ፓኬጅ ዝቅ ላድርገው ብዬ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ከዚያ «አላው-ኒወር» የሚባል ነገር አግኝቼ ጨመርኩ። አሁን ዲፔንደንሲው ተፈታ፤ ግን ከፍቼው በማላውቀው ላይብረሪ ውስጥ የኢረር መዓት ይወርዳል። የካባል ፎልደሬን አጥፍቼ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ያው ነው። መልእክቱን ለጥፌዋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ኮዱ አልተበላሸም። አንቺም ያጠፋሽው ነገር የለም። ኮዱ የ2021 ነው፤ ኮምፓይለርሽ የ2023። በመሃል ብዙ ነገር ተቀይሯል። አንቺ ደግሞ ያንን ሁሉ ለውጥ በአንድ ቀን ልትሻገሪው እየታገልሽ ነው። እኔ የምመክርሽ ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ኮዱን ወደ ራሱ ዘመን መልሺው። እዚያ መሥራቱን በዓይንሽ እዪ። ኮምፓይለሩን ደረጃ በደረጃ ከፍ ማድረግ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የትኛው ኢረር ከየት እንደመጣ መለየት አትችይም።

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራቸው። ትዕዛዞቹንም እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ታስገቢያቸዋለሽ።

በዚያ አንድ ገጽ በሚሞላው መልእክት እንጀምር። ብዙ ሰው ሲያየው ይደነግጥና ጎግል ላይ ይለጥፈዋል። ተረጋግተሽ ካነበብሽው ግን መልሱ እዚያው አለ። ካባል ውስጥ ሶልቨር የሚባል ክፍል አለ። ሥራው የሽማግሌ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ «እኔ ከእገሌ ጋር የምስማማው ከዚህ ቨርዥን እስከዚህ ቨርዥን ነው» ይላል። ሶልቨሩ ሁሉም የሚስማሙበትን ምርጫ ይፈልጋል። ካጣ ማን ከማን እንደተጣላ ይነግርሻል። መልእክቱ የሚረዝመው የሞከረውን መንገድ ሁሉ ስለሚዘረዝር ነው።

ከላይ «ትራይንግ» የሚሉ መስመሮች አሉ። እለፊያቸው። የምትፈልጊው «ሪጀክቲንግ» የሚለውን ነው። አንቺ በለጠፍሽው ላይ ቤዝ 4.18 ውድቅ ተደርጓል። ምክንያቱ እዚያው በቅንፍ ውስጥ፣ «ኮንፍሊክት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ አለ፦ አንድ ላይብረሪ ቤዝን የሚቀበለው ከ4.15 በታች ከሆነ ብቻ ነው። አለቀ። የገጹ ፍሬ ይቺ አንዲት መስመር ናት። ከሥሯ «ኮንፍሊክት ሴት» ተብለው የተዘረዘሩት ስሞች በጠቡ ውስጥ ያሉት ፓኬጆች ናቸው። አንቺ ጋ ሦስት ናቸው፦ ቤዝ፣ ያ ላይብረሪ እና የራስሽ ፕሮጀክት። እንዲህ ሲያጥር ጥሩ ምልክት ነው። ሃያ ስም ቢደረደር ነበር የሚያስፈራው።

አንዳንዴ ደግሞ «የባክጃምፕ ገደብ ላይ ደርሻለሁ» ብሎ ይቆማል። ይህ መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ሶልቨሩ 4000 ጊዜ ወደኋላ ተመልሶ ከሞከረ በኋላ ፍለጋውን አቆመ ማለት ነው። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚሻለው ለአንድ ሁለት ትልልቅ ፓኬጆች ቨርዥን ቆርጦ መስጠት ነው። ያኔ የሚፈተሸው ነገር ያንሳል።

አሁን ወደ ቤዝ። ቤዝን ዝቅ ማድረግ እምቢ ያለሽ ስለማይቻል ነው። ቤዝ ስሙ ፓኬጅ ይሁን እንጂ ከኮምፓይለሩ ጋር አብሮ የተጋገረ ነው። ለብቻው አይጫንም፤ ለብቻውም አይቀየርም። ጂኤችሲ 8.10 የሚመጣው ከቤዝ 4.14 ጋር ነው። 9.0 ከ4.15፣ 9.2 ከ4.16፣ 9.4 ከ4.17፣ ያንቺው 9.6 ደግሞ ከ4.18 ጋር። ስለዚህ «ቤዝ ከ4.15 በታች» የሚለውን ስታዪ በሆድሽ «ጂኤችሲ 8.10 ወይም ከዚያ የቆየ» ብለሽ አንብቢው። ቴምፕሌት-ሃስኬል የሚባለው ፓኬጅም እንዲሁ ከኮምፓይለሩ ጋር የታሰረ ነው። ከሁለቱ አንዱ ኮንፍሊክት ውስጥ ካለ ጠቡ ከኮምፓይለሩ ጋር ነው። ያለሽ ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ ኮምፓይለሩን መቀየር፣ ወይ አዲሱን ኮምፓይለር የሚቀበል የላይብረሪ ቨርዥን መፈለግ።

እንግዲህ ወደ ኋላ እንሂድ። የኮምፓይለር ቨርዥኖችን የሚጭነውን ጂኤችሲአፕን ተጠቅመሽ 8.10.7ን ጫኚ። ያለሽን 9.6 ማጥፋት አያስፈልግም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዚያ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ «ካባል ዶት ፕሮጀክት» የሚባለውን ፋይል ክፈቺ፤ ከሌለ ፍጠሪው። ሁለት መስመር ጨምሪ። አንደኛው «ዊዝ-ኮምፓይለር» ነው፤ 8.10.7ን ትሰጪዋለሽ። የማክ ኮምፒውተርሽ የአፕልን የራሱን ቺፕ የያዘው ከሆነ 8.10.7 ኤልኤልቪኤም የሚባለውን ተጨማሪ የኮምፓይለር መሣሪያ ይፈልጋል፤ እሱንም ጫኚ። ኢንቴል ላይ አያስፈልግም።

ሁለተኛው «ኢንዴክስ-ስቴት» ነው። በኔ ግምት ከካባል ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ጠቅሞ ይህን ያህል የተረሳ የለም። ሃኬጅ፣ የፓኬጆቹ ማከማቻ ማለቴ ነው፣ ማውጫው ላይ የተጻፈን አይፍቅም፤ ከሥሩ ይጨምርበታል እንጂ። ስለዚህ ለካባል አንድ ቀን ብትሰጪው ሃኬጅን በዚያ ቀን እንደነበረ አድርጎ ያይልሻል። ከዚያ በኋላ የወጣ ቨርዥን ለሶልቨሩ የለም። የጊት ሎጉን ክፈቺና ፕሮጀክቱ ለመጨረሻ ጊዜ በደህና የተነካበትን ቀን ፈልጊ። ለምሳሌ መስከረም 2021 ውስጥ ከሆነ ያንኑ ቀን አስገቢ። አጻጻፉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሰረዝ ተለያይተው፣ ከዚያ ቲ ፊደል፣ ከዚያ ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ ዜድ ነው። «ካባል አፕዴት» በይና እንደገና ቢልድ አድርጊ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሃኬጅ ላይ አንድ ቨርዥን ከወጣ በኋላ ኮዱ አይቀየርም፤ የዲፔንደንሲ ገደቦቹ ግን ሊታረሙ ይችላሉ። ባለቤቱ ወይም ትረስቲ የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች «ይህ ፓኬጅ ከእገሌ አዲስ ቨርዥን ጋር አይሄድም» ብለው ገደቡን ያጠብቃሉ፤ ወይም ያላላሉ። ትናንት ይሠራ የነበረ ቢልድ ዛሬ ማንም ሳይነካው እምቢ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው። ኢንዴክስ-ስቴት እነዚህንም እርማቶች እንደ ቀኑ ያቆማቸዋል። ለዚህ ነው ለብቻው ትልቅ ሥራ የሚሠራው።

ቢልዱ ሲያልቅ ቴስቶቹን አስኪጂ። ካለፉ «ካባል ፍሪዝ» በይ። የተመረጠውን እያንዳንዱን ቨርዥን በአንድ ፋይል ይመዘግብልሻል። ፋይሉን ጊት ውስጥ አስገቢው። ከዚህ በኋላ የፈለገው ቢበላሽ የምትመለሺበት ቦታ አለሽ። ወደ አዲስ ኮምፓይለር መውጣት ስትጀምሪ ግን የፍሪዝ ፋይሉን ከፎልደሩ ማንሳት አለብሽ፤ አለዚያ ሶልቨሩን እጅና እግሩን ታስሪዋለሽ። የኢንዴክስ-ስቴቱንም ቀን አብረሽ ወደፊት ግፊው።

አላው-ኒወርን በተመለከተ። ይህች ነገር ብዙ ሰው ታሞኛለች፤ ቶሎ ሥራውን የጨረሰች ትመስላለችና። የምትለው «ፓኬጆች የጻፉትን የላይኛውን ገደብ አትመልከት» ነው። ነገር ግን አንድ ደራሲ «ቤዝ ከ4.15 በታች» ሲል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ከ4.15 ጋር እንደማይሠራ ያውቃል፤ ወይም ሲጽፍ 4.15 ገና ስላልወጣ ጥንቃቄ አድርጎ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። አላው-ኒወር የምትጠቅመው ይህን ለመለየት ነው። ገደቡን አንስተሽ ከሞከርሽውና ኮምፓይል ከሆነ ጥንቃቄ ብቻ ነበር ማለት ነው። ኢረር ካወረደ ገደቡ እውነተኛ ነው። ያንቺው አወረደ። ስለዚህ ጥያቄሽ መልስ አግኝቷል፦ ያ ላይብረሪ ባለበት ሁኔታ ከ9.6 ጋር አይሄድም።

ደግሞ ስትጠቀሚባት ለሁሉም አትክፈቺያት። የላይብረሪውን ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ «ቤዝ» ብለሽ ብትጽፊ የዚያ ላይብረሪ የቤዝ ገደብ ብቻ ነው የሚነሳው። ያለ ስም ከከፈትሻት የሁሉም ገደብ ይነሳል። ሶልቨሩም ማንም ሞክሮት የማያውቅ ቅልቅል ይመርጥልሻል። የወረደብሽ የኢረር መዓት ግማሹ ከዚህ እንደመጣ እገምታለሁ።

አሁን ወደፊት መውጣቱ። ከ8.10 ወደ 9.2፣ ከዚያ 9.4፣ ከዚያ 9.6 ብትሄጂ ይሻላል። 9.0 ላይ ባትቆሚም ግድ የለም። በየደረጃው የሚገጥሙሽ ኢረሮች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። እንደ ኮድሽ አይነት፣ ጄሰን የሚያነብና ሞናዶችን የሚደራርብ ከሆነ፣ ሁለት ትልልቅ አሉ።

የመጀመሪያው ኤይሰን፣ ጄሰን የሚባለውን የዳታ አጻጻፍ የሚያነበውና የሚጽፈው ላይብረሪ፣ ነው። በ2021 መጸው ላይ ኤይሰን ከ1.5 ወደ 2.0 ተሸጋገረ። ምክንያቱ የደህንነት ነበር። አሮጌው ኤይሰን የጄሰን ኦብጀክትን በሃሽማፕ ይይዝ ነበር፤ አንድ ተንኮለኛ ሃሻቸው የሚጋጭ ቁልፎችን መርጦ በማጨቅ ሰርቨሩን ማንቆራጠጥ ይችል ነበር። አዲሱ ኦብጀክቱን ኪይማፕ በሚባል ዓይነት ሸፈነው። ቁልፉም ተራ ቴክስት መሆኑ ቀርቶ ኪይ የሚባል የራሱ ዓይነት ሆነ። ስለዚህ የሚመጣብሽ ኢረር «ኪይ ጠብቄ ነበር፣ የሰጠሽኝ ቴክስት ነው» የሚል ነው።

ሁሉም ቦታ ላይ አይጮኽም፤ ይህ ሰውን ግራ ያጋባል። በኮዱ ውስጥ በትምህርተ ጥቅስ በቀጥታ የተጻፈ ቁልፍ፣ ኦቨርሎድድ-ስትሪንግስ ከተከፈተ፣ ራሱ ኪይ ሆኖ ያልፋል። የሚጮኸው ቁልፉ ከተለዋዋጭ ሲመጣ ነው፤ ለምሳሌ ከዳታቤዝ የተነበበ የዓምድ ስም ሲሆን። እዚያ ላይ ከኤይሰን ኪይ ሞጁል «ፍሮም-ቴክስት» የሚባለውን ፈንክሽን ከፊቱ ታደርጊያለሽ። ከሃሽማፕ ሞጁል «ሉክአፕ» ወይም «ኢንሰርት» እያለ ኦብጀክት የሚነካ ቦታ ካለ ኢምፖርቱን ወደ ኪይማፕ ሞጁል ቀይሪው። ብዙዎቹ ፈንክሽኖች ስማቸው አንድ ስለሆነ የተቀረው መስመር ሳይነካ ያልፋል። ለሁለቱም ኤይሰን የሚሠራ ኮድ ለመጻፍ አትድከሚ። የምታሳትሚው ላይብረሪ ካልሆነ ወደ አዲሱ ተሻግረሽ የታችኛውን ገደብ 2.0 አድርጊና ተገላገዪ።

ሁለተኛው ኤምቲኤል፣ ሞናዶችን ለመደራረብ የሚያገለግለው ላይብረሪ፣ ነው፤ እሱ የሚመጣው 9.6 ላይ ስትደርሺ ነው። 9.6 ይዞ የሚመጣው ኤምቲኤል 2.3.1ን ነው። ቀድሞ የስቴት ወይም የሪደር ሞጁልን ብቻ ኢምፖርት ስታደርጊ «ዌን»፣ «አንለስ»፣ «ፎርኤም»፣ «ፎርኤቨር» የሚባሉት ሁሉ ሳትጠሪያቸው ተከትለው ይገቡ ነበር። ከ2.3 ጀምሮ ያ ቀረ። ኢረሩ «ዌን የሚባል ስም አላውቅም» ይላል፤ እሱም በየፋይሉ። ሲያዩት ያስደነግጣል፣ ሲነኩት ግን ቀላል ነው፦ ኢረር ያለበት ፋይል አናት ላይ ኮንትሮል-ሞናድን ኢምፖርት አድርጊ። ይህንን አሁን፣ ገና 8.10 ላይ ሳለሽ፣ አስቀድመሽ መጨመር ትችያለሽ። አሮጌው ኮምፓይለር አይከፋውም፤ 9.6 ስትደርሺ ግማሹ ኢረር አይኖርም። ኢረሩ በሌላ ሰው ላይብረሪ ውስጥ ከሆነ ግን የላይብረሪውን አዲስ ቨርዥን መፈለግ ነው። እስኪወጣ ድረስ 9.4 ላይ መቆየት ነውር አይደለም። 9.4 አሮጌውን ኤምቲኤል ይዞ ስለሚመጣ ለብዙ ፕሮጀክት ጥሩ ማረፊያ ነው።

ከነዚህ ውጭ 9.0 ላይ የዓይነት ፍተሻው ጠበቅ ብሏል። «ፎርኦል» ያለበት ዓይነት ያለውን ፈንክሽን እንዳለ ለሌላ አሳልፈሽ ስትሰጪ፣ በፊት ኮምፓይለሩ ራሱ ያስተካክልልሽ የነበረውን አሁን አንቺ መጻፍ አለብሽ። መድኃኒቱ ፈንክሽኑን ከነአርጉመንቱ መጻፍ ነው፤ «ኤፍ» ከማለት ፈንታ «ኤክስን ተቀብሎ ኤፍ ኤክስ የሚል ላምዳ» ማድረግ። ከ9.2.4 ወዲህ ዲፕ-ሰብሰምፕሽን የሚባል ኤክስቴንሽን የቀድሞውን ባሕርይ ይመልሳል። ካባል ፋይልሽ ሃስኬል2010 የሚል ከሆነ ራሱ ክፍት ነው። 9.2 ስትጭኚ 9.2.4 ወይም ከዚያ በላይ ምረጪ የምልሽ ለዚህ ነው። 9.6 ላይ «ሊፍት-ኤ-2» ከፕሪሉድ ራሱ ስለሚመጣ የራስሽ ተመሳሳይ ስም ካለሽ ይጋጫል፤ አንዱን መደበቅ ነው። ወደፊት 9.8 ስትሄጂ ደግሞ «ሄድ» እና «ቴይል» ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ካባል ፋይሉ ውስጥ ማስጠንቀቂያን ወደ ኢረር የሚቀይረው «ደብሊው-ኢረር» ካለ ቢልዱን ይገድልብሻል። ከዋናው ፋይል አውጪው፤ ቦታው ሲአይ (ኮዱን በየጊዜው ራሱ የሚፈትሸው ሰርቨር) ላይ ነው።

ያ ዋናው ችግር የሆነው ላይብረሪ ይቀራል። መጀመሪያ ሃኬጅ ላይ አዲስ ቨርዥን እንዳለው እዪ። ካለው ያንቺ ካባል ፋይል ራሱ ገደብ አድርጎበት ሊሆን ይችላል፤ «ካባል አውትዴትድ» ብትዪ ይነግርሻል። ቨርዥን ስታነብቢ ሃስኬል ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ናቸው ዋናው ቨርዥን። ከ1.4 ወደ 1.5 መሄድ ትንሽ ለውጥ ሊመስልሽ ይችላል፤ የሚሰብር ለውጥ ሊኖርበት ይችላል።

አዲስ ቨርዥን ከሌለው፣ ባለቤቱም ከተወው፣ «ካባል ጌት» ብለሽ ሶርስ ኮዱን አውርጂው። ፎልደሩን ካባል ዶት ፕሮጀክት ውስጥ «ፓኬጅስ» በሚለው መስመር ላይ ከራስሽ ፕሮጀክት ጎን ጨምሪው። ካባል ከዚያ በኋላ የሃኬጁን ትቶ ያንቺን ይጠቀማል። አስተካክዪው፤ ገደቡንም አንሺ። እንዲህ ያለ ላይብረሪ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የሚያስፈልገውም አንድ ሁለት ኢምፖርትና አንድ ላምዳ ነው። ያስተካከልሽውን ለባለቤቱ ላኪለት። ገደብ ማላላት ብቻ የሚበቃው ከሆነ አዲስ ቨርዥን እንኳን ማውጣት አይጠበቅበትም፤ ሃኬጅ ላይ ያለውን ገደብ ማረም ይበቃዋል።

የዲፔንደንሲ ጠብ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። «ዜድሊብ ዶት ኤች አጣሁ» የሚል ካየሽ የጎደለው የሲ ላይብረሪ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ስሙ «ዴቭ» ብሎ የሚያልቀውን የዜድሊብ ፓኬጅ በአፕት ትጭኚያለሽ። «የተደበቀ ፓኬጅ አባል ነው» የሚለው «ቢልድ-ዲፔንድስ» ውስጥ ስሙን መጻፍ ረስተሻል ማለት ነው። መልእክቱ ራሱ ምን እንደምትጨምሪ ይነግርሻል። ቢልዱ መሃል ላይ ተቋርጦ በቅንፍ ውስጥ ነጌቲቭ 9 ካሳየሽ ኮዱን ተዪው፤ ብዙ ጊዜ ሜሞሪ አልቆ ሊኑክስ ኮምፓይለሩን ገድሎት ነው። «ጄ1» ብለሽ አንድ በአንድ አስገንቢው። አራት ጊጋ ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነው።

የካባል ፎልደሩን ማጥፋትን ደግሞ ተዪው። ከካባል 3.0 ወዲህ እያንዳንዱ ቨርዥን ስቶር ውስጥ ለብቻው ስለሚቀመጥ አንዱ ሌላውን አይረግጠውም። የድሮው «ካባል ሲኦል» የሚባለው ዘመን አልፏል። ያጠፋሽው ነገር የሚያስከፍልሽ ዳታና ሰዓት ነው፤ ሁሉም እንደገና ይወርዳል፣ እንደገና ይገነባል። ማጥፋት የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ ፋይል ሊኖር ይችላል። መንገድ ላይ «ካባል ኢንስቶል» ከ«ሊብ» ጋር ብለሽ ከነበረ፣ የጂኤችሲ ፎልደር ውስጥ «ኢንቫይሮንመንትስ» ሥር «ዲፎልት» የሚባል ፋይል ይጽፋል። እሱ ጂኤችሲአይን (ኮድ እየጻፍሽ ወዲያው የምትሞክሪበትን) በቀጥታ ስትከፍቺ ያልጠራሻቸውን ቨርዥኖች ይጭንብሻል። አጥፊው፤ ከዚያ በኋላ «ካባል ሪፕል» ተጠቀሚ።

ፕሮጀክቱ በስታክ፣ በሌላው የሃስኬል መገንቢያ መሣሪያ፣ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ያጥራል። ኤልቲኤስ 18.28 ብለሽ ብትጽፊ ከ8.10.7 ጋር አብረው የተፈተኑ ፓኬጆችን በአንድ ላይ ታገኛለሽ። ከዚያ ወደ 20፣ 21፣ 22 ትወጫለሽ፤ እነሱ እንደ ቅደም ተከተላቸው 9.2፣ 9.4 እና 9.6 ናቸው። ካባልንና ስታክን በአንድ ፕሮጀክት ላይ እያቀያየርሽ አትሞክሪ ብቻ።

እኛ አገር ሃስኬልን የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ በካርዳኖ፣ በሃስኬል በተሠራው ብሎክቼይን፣ በኩል ነው የመጣው። አዲስ አበባ ላይ በ2019 የተሰጠው የሴቶች ሥልጠናም የዚያው ነበር። ያንቺም ፕሮጀክት ከፕሉተስ (ከካርዳኖ የስማርት ኮንትራት መጻፊያ) ጋር የተያያዘ ከሆነ አካሄዱ ትንሽ ይለያል። ካባል ዶት ፕሮጀክት ውስጥ ከጊት በቀጥታ የሚጎተቱ ፓኬጆች ከነታጋቸው ተጽፈው ታያለሽ። እነዚያን ታጎች አንድ በአንድ ከፍ ለማድረግ አትሞክሪ፤ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ኦፊሴላዊ ፕሮጀክት ላይ ወስደሽ ነው የምትቀይሪያቸው።

8.10.7 ላይ ቢልዱ ካለፈ የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሰሻል፤ 9.2ን ሞክሪ። ካላለፈ ከ«ሪጀክቲንግ» መስመር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያለውን ከካባል ፋይልሽና ከካባል ዶት ፕሮጀክትሽ ጋር ለጥፊልኝ። የስክሪን ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን።